ማሸነፍ ግዴታ ሲሆን ለምን ከጎን ይጀመራል? ካስፓሮቭ ዘውዱን ያዳነበት ዝግ ያለ የቼዝ መክፈቻ

ቼዝ በስልካችሁ የምትጫወቱ ቤተሰቦቻችን፣ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት።

አንድ ጨዋታ የግድ ማሸነፍ አለባችሁ እንበል። አቻ አይበቃም። ነጭ ደርሷችኋል። ምን ታደርጋላችሁ? የአብዛኞቻችን መልስ ይታወቃል፦ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት (ኢ4)፣ ጠጠሮቹን ቶሎ ቶሎ ማውጣት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ተጋጣሚ ንጉሥ መሮጥ። ማሸነፍ ካለብን ማጥቃት አለብን፣ ማጥቃት ካለብን ደግሞ መፍጠን አለብን ብለን እናስባለን።

ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ በሕይወቱ ትልቁ ጫና ላይ ሳለ ያደረገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ዛሬ እሱን ጨዋታ ይዘን ‹‹ከጎን የሚጀመር መክፈቻ›› የሚባለው ነገር ውስጡ ምን እንደሆነ እናያለን። ስልካችሁ ላይ ባዶ ሰሌዳ ከፍታችሁ አብራችሁን ብትከተሉ ይበልጥ ይገባችኋል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። የቤቶቹን ስም እንደምትሰሙት ነው የምንጽፈው፦ ኢ4፣ ዲ5፣ ሲ4 እያልን። ጠጠሮቹን ደግሞ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ሩክ፣ ቢሾፕ፣ ፈረስ፣ ወታደር እንላቸዋለን።

ሲቪያ፣ 1987

ቦታው ስፔን፣ ሲቪያ ከተማ፣ ሎፔ ዴ ቬጋ ቴአትር ቤት ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1987። የዓለም ሻምፒዮኑ የ24 ዓመቱ ጋሪ ካስፓሮቭ፣ ዘውዱን ሊቀማ የመጣው ደግሞ የቀድሞው ሻምፒዮን የ36 ዓመቱ አናቶሊ ካርፖቭ። ሁለቱም የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጨዋታ በቃሉ ያውቀዋል።

ግጥሚያው 24 ጨዋታ ነው። ካስፓሮቭ 23ኛውን ተሸነፈ። ውጤቱ ካርፖቭ 12፣ ካስፓሮቭ 11 ሆነ። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ካርፖቭ አቻ ቢወጣ ዘውዱ የእሱ ነው። ካስፓሮቭ ካሸነፈ ግን 12 ለ 12 ይሆናል፤ በሕጉ መሠረት እኩል ከሆኑ ዘውዱ ሻምፒዮኑ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ለካስፓሮቭ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ ማሸነፍ።

የሚገርመው፣ ከ2 ዓመት በፊት ሞስኮ ላይ ይኸው ነገር ተገልብጦ ደርሶ ነበር። በ1985ቱ ግጥሚያ 24ኛ ጨዋታ ላይ የግድ ማሸነፍ የነበረበት ካርፖቭ ነው። ነጭ ይዞ ኢ4 ብሎ ጀመረ፤ በንጉሡ በኩል ያሉትን ወታደሮች እየገፋ ለማጥቃት ሄደ። ካስፓሮቭ መልሶ አጥቅቶ አሸነፈውና በ22 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ማለት ኢ4 መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ካስፓሮቭ ያን ቀን ከጠረጴዛው በወዲያኛው በኩል ቁጭ ብሎ፣ ማሸነፍ ያለበት ሰው ሲቸኩል ለተጋጣሚው ምን ያህል ክፍተት እንደሚሰጥ በዓይኑ አይቷል።

ዲሴምበር 18 ቀን 1987 ተራው የእሱ ሆነ። የመጀመሪያ እርምጃው ሲ4 ነበር።

ከጎን መጀመር ማለት ምን ማለት ነው?

የቼዝ ሰሌዳ ልብ ያለው መሐሉ ላይ ነው። ኢ4፣ ዲ4፣ ኢ5፣ ዲ5፤ እነዚህን አራት ቤቶች የተቆጣጠረ ጠጠሮቹን ወደ ፈለገበት ማዞር ይችላል። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ ‹‹መሐሉን ያዝ›› የሚባለው።

ጥያቄው መሐሉን እንዴት እንይዛለን ነው። አንደኛው መንገድ ወታደር መሐል ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሐሉን ከርቀት በጠጠር ማነጣጠር ነው። ከጎን የሚጀመሩ መክፈቻዎች የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው። በኳስ ቋንቋ፣ ጎሉ ያለው መሐል ቢሆንም ኳሷን በክንፍ በኩል እንደሚያመጣ ቡድን ማለት ነው። መሐሉን አልተዉትም፤ መንገዳቸው ነው የተለየው።

ሲ4 ስንል በጎን ያለው ወታደራችን ዲ5ን ይጠብቃል፤ ተጋጣሚ እዚያ ወታደር ቢያስቀምጥ ልንበላው እንችላለን። ቀጥሎ ጂ3 ብለን ቢሾፑን ጂ2 ላይ ስናስቀምጠው ከሰሌዳው ጥግ እስከ ጥግ በሚሄደው ረጅም ሰያፍ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ኢ4ንና ዲ5ን ከሩቅ ያያል። በሌላኛው በኩል ደግሞ ቢ3 ብለን ሁለተኛውን ቢሾፕ ቢ2 ላይ ስናደርገው ዲ4ንና ኢ5ን ያያል። እንዲህ ቢሾፕን በጎን ማስቀመጥ ፊያንኬቶ ይባላል፤ በጣሊያንኛ ‹‹ትንሿ ጎን›› እንደማለት ነው። ሁለት ቢሾፖች፣ አራቱም የመሐል ቤቶች። መሐል ላይ ግን አንድም ወታደር የለንም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? መሐል ላይ የቆመ ወታደር ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዒላማም ነው። እኛ ገና ምንም ስላላቆምን ተጋጣሚ የሚመታው ነገር አያገኝም። እሱ ግን መሐሉን ባዶ ሲያገኘው ወታደሮቹን ያስቀምጣል፤ አቋሙን ቀድሞ ያሳያል። እኛ ካየን በኋላ እንወስናለን።

የነገሩ ፍሬ ይኸው ነው፦ ከጎን መጀመር መሐሉን መሸሽ ሳይሆን ውሳኔውን ማዘግየት ነው።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

ሲ4 ብሎ መጀመር ‹‹የእንግሊዝ መክፈቻ›› የሚባለው እንግሊዛዊው ሃዋርድ ስታውንተን በ1843 ከፈረንሳዊው ሴንት አማንት ጋር ባደረገው ግጥሚያ ስለተጠቀመበት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ‹‹መሐሉን በወታደር ያልያዘ ተሸነፈ›› የሚለው ትምህርት ገዢ ሆኖ ቆየ።

በ1920ዎቹ ጥቂት ወጣት ተጫዋቾች ይህንን ሕግ ተጋፈጡት። አንዱ ሪቻርድ ሬቲ ነበር። በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ከጎን በሚጀምር ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮኑን ካፓብላንካን አሸነፈ። ካፓብላንካ እስከዚያ ቀን ድረስ 8 ዓመት ሳይሸነፍ የቆየ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከጎን መጀመርን ማንም እንደ ቀልድ አላየውም። ካስፓሮቭ በ1987 ያስቀመጠው አሰላለፍ፣ ፈረሱ ኤፍ3፣ ወታደሩ ሲ4፣ ሁለቱ ቢሾፖች በጎንና በጎን፣ ከሬቲ ዘመን የመጣ ሐሳብ ነው።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ ጭራሽ ባዕድ አይደለም። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ክፍል ‹‹ወረራ›› ይባላል። ዓይን ተጋጣሚ እጅ ላይ ነው፤ እሱ ሲያሰልፍ እያዩ የራስን ሰልፍ ማስተካከል ነው። ውጊያው ሳይጀመር አሰላለፍ ላይ የሚደረግ ውጊያ ማለት ነው። ከጎን የሚጀምር ተጫዋችም የሚያስበው እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ሲቪያ እንመለስ።

13 እርምጃ፣ አንድም ድንበር ያልተሻገረ ጠጠር

ካስፓሮቭ በመጀመሪያዎቹ 8 እርምጃዎች ያደረገው ይህ ነው፦ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢ3፣ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ካስሊንግ፣ ቢሾፕ ቢ2፣ ኢ3። ካርፖቭ ደግሞ ዲ5 ላይ ወታደር አቁሞ፣ ንጉሡን በካስሊንግ አስጠብቆ፣ እሱም አንዱን ቢሾፕ በጎን ቢ7 ላይ አስቀመጠ። ጠንካራ፣ ቀዳዳ የሌለው አቋም ነው። አቻ ለሚበቃው ሰው ተስማሚ ነው።

ከዚያ በ9ኛው እርምጃ ካርፖቭ ፈረሱን ኢ4 ላይ አስገባ። ፍላጎቱ ግልጽ ነው፦ ሲ3 ላይ ካለው የነጭ ፈረስ ጋር መለዋወጥ። ጠጠር በተቀነሰ ቁጥር ጨዋታው ወደ አቻ ይጠጋል። ካስፓሮቭ ምን አደረገ? ፈረሱን ከሲ3 ወደ ኢ2 መለሰው። ወደ ኋላ! ማሸነፍ ያለበት ሰው በ10ኛው እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሸነፍ ከፈለግክ ተጋጣሚህ የሚሳሳትበት ነገር ሰሌዳው ላይ መቅረት አለበት። ጠጠር ካለቀ ስህተትም ያልቃል።

ቀጥሎ ትንሽዬ ዲ3 መጣችና የካርፖቭን ፈረስ ‹‹እዚህ ምን ትሠራለህ?›› አለችው። ጥቁር ቤት ላይ የሚሄዱት ቢሾፖች ከተባሉ በኋላ ፈረሱ ወደ ዲ6 ተመለሰ።

እስከ 13ኛው እርምጃ ድረስ ካስፓሮቭ አንድም ጠጠር ከሰሌዳው ግማሽ አላሳለፈም። ሁሉም በራሱ ሜዳ ነው። ድንበሩን መጀመሪያ የተሻገረው በ14ኛው እርምጃ ያ ሲ4 ላይ ያለው የጎን ወታደር ነው፤ ሄዶ ዲ5 ላይ ያለውን የመሐል ወታደር በላ። ካርፖቭ በቢሾፑ መልሶ በላ። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ቁጠሩ፦ ነጭ የጎን ወታደር ሰጥቶ የመሐል ወታደር ወሰደ። አሁን ነጭ መሐል ላይ ሁለት ወታደር (ዲ እና ኢ) አለው፤ ጥቁር አንድ ብቻ። ከጎን የሚጀመሩ መክፈቻዎች ትልቁ ንግድ ይሄ ነው።

በ15ኛው ዲ4 ተገፋ። መሐሉ ላይ ለመቆም ጊዜው የደረሰው ያኔ ነው። ካርፖቭም ዝም አላለም፤ ሲ5 ብሎ መታውና ያ ወታደር ኋላ ላይ ተለዋወጠ። ግን በመሐል አንድ ነገር ተፈጥሯል። ወደ ኋላ የሄደው ያ ፈረስ ከኢ2 ወደ ኤፍ4 ወጥቶ የካርፖቭን ቢሾፕ አስፈራራው። ካርፖቭም ቢሾፑን ለኤፍ3 ፈረስ ሰጠ። ካስፓሮቭ በጂ2 ቢሾፑ መልሶ በላ።

ውጤቱን እዩት። ነጭ ነጭ ቤት ላይ የሚሄድ ቢሾፕ አለው፤ ጥቁር የሚመልስለት ቢሾፕ የለውም። ያ ረጅም ሰያፍ መስመር ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አንድ ነው። ‹‹ጂ3›› ሲባል የተጀመረው ሥራ ፍሬ ያፈራው በ18ኛው እርምጃ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ከዚያ በኋላ ካስፓሮቭ ምንም ሳያፈርስ ጠጠሮቹን እያሻሻለ ጫናውን ጠበቀ። ካርፖቭን ሰዓት እያጠረው መጣ። በ31ኛው እርምጃ ካስፓሮቭ ፈረሱን ኢ5 ላይ ሲያቆመው ካርፖቭ ኤ4 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ በላ። ሩኮቹ ተባሉ። የነጭ ንግሥት ዲ1 ላይ ቆማ ሁለት ነገር አየች፤ በአንድ በኩል ኤ4 ላይ የተገለለውን ፈረስ፣ በሌላ በኩል ዲ8 ላይ የተከፈተውን በር።

ተንታኞች በኋላ እንዳሳዩት ካርፖቭ ያን ፈረስ ወደ ሲ5 ቢመልሰው ኖሮ መከላከል ይችል ነበር። እሱ ግን ሌላኛውን ፈረስ ኢ7 ላይ አደረገ። ንግሥቲቱ ዲ8 ገብታ ቼክ አለች፣ የነጭ ፈረስ ኤፍ7ን በላ፣ ትንሽ ቆይቶም ካስፓሮቭ አንድ ወታደር አተረፈ። ያ በጎን ጂ2 ላይ ተቀምጦ የነበረው ቢሾፕስ? በ38ኛው እርምጃ ኢ4 ላይ፣ መሐል ሰሌዳ ላይ ቆመ።

ጨዋታው 41 እርምጃ ከተደረገ በኋላ ለማግስቱ ተላለፈ። አንድ ወታደር ትርፍ ብቻ ነው፤ ያውም ሁሉም ወታደሮች በአንድ በኩል። በጥሩ መከላከል አቻ ሊወጣ የሚችል አቋም ነበር። ማግስቱን ካስፓሮቭ እንደገና አልቸኮለም። ንግሥቱንና ቢሾፑን እያዟዟረ ካርፖቭን ቤት ለቤት አስጨነቀው።

አሁን የምንነግራችሁን ቁጥር ያዙልን። ብዙዎቻችን በ1ኛው እርምጃ የምንገፋትን ኢ4 ካስፓሮቭ የገፋት በ49ኛው ነው። ካርፖቭ እጁን የሰጠው በ64ኛው። የካስፓሮቭ የመጨረሻ እርምጃ ቼክም አልነበረችም፤ ንጉሡን አንድ ቤት ማንቀሳቀስ ብቻ ነበረች። ካርፖቭ መልካም እርምጃ አልቀረለትም። 12 ለ 12። ዘውዱ ባለበት ቀረ።

እናንተ እንዴት ትሞክሩታላችሁ?

አንደኛ፣ አሰላለፉን ሳይሆን ሐሳቡን ያዙ። ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ካስሊንግ፣ ቢ3፣ ቢሾፕ ቢ2 ጥሩ ቤት ነው። ግን ተጋጣሚ ያደረገውን ሳያዩ በጭፍን መደርደር ያስመታል። ለምሳሌ ሲ4 ስትሉ እሱ ኢ5 ካለ ፈረሱን ቶሎ ኤፍ3 ላይ አታውጡት፤ ወታደሩን ወደ ኢ4 ገፍቶ ያባርረዋል። እዚህ ጋ ሌላኛውን ፈረስ ሲ3 ላይ አውጥታችሁ ጂ3 ማለት ይሻላል። በሱ ኢ5 ላይ ያለ ወታደር የቢ2ንም ቢሾፕ ስለሚዘጋው ቢ3ን ለማለት አትጣደፉ።

ሁለተኛ፣ የጎን ወታደር ሰጥቶ የመሐል ወታደር መውሰድን ፈልጉ። ተጋጣሚ ሲ4 ላይ ያለውን ወታደር በዲ5 ወታደሩ ከበላ ደግሞ በቢ3ው ወታደር መልሳችሁ ብሉ፤ ወታደራችሁ ወደ መሐል አንድ እርምጃ ቀረበ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መለዋወጥን ምረጡ። ማሸነፍ ስትፈልጉ ሁሉንም ነገር አትባሉ። ፈረስ ወደ ኋላ መመለስ ነውር አይደለም፣ ተመልሶ የሚወጣበት ቤት ካለው።

አራተኛ፣ ማዘግየት መተው አይደለም። ዲ4 ወይም ኢ4 የምትሉበት ቀን መምጣት አለበት። ጭራሽ ካልመጣ ተጋጣሚ መሐሉን ሞልቶ ቦታ ያሳጣችኋል፤ ቢሾፖቻችሁም ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። ከጎን ጀምረው የሚሸነፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ ነው።

አምስተኛ፣ የሰዓቱን ዓይነት እዩ። በ1 ደቂቃ ጨዋታ ይህን ሐሳብ መማር ይከብዳል። በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ጨዋታ ሞክሩት፤ ቆም ብሎ ‹‹እሱ ምን አሰለፈ?›› ለማለት ጊዜ ይሰጣችኋል።

ደግሞም ሲ4 አስማት አይደለም። ካስፓሮቭ በዚያው የሲቪያ ግጥሚያ 2ኛውን ጨዋታ ሲ4 ብሎ ጀምሮ ተሸንፏል፣ 4ኛውን ሲ4 ብሎ ጀምሮ አሸንፏል። በመጨረሻው ቀን ያዳነው መክፈቻው ብቻውን አይደለም። ተስፋው ሁሉ በአንድ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ተጋጣሚውን ሳያሳድድ፣ ጨዋታው በሕይወት እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ካርፖቭ ቀኑን ሙሉ ትክክለኛ መልስ ማግኘት ነበረበት፤ አንዴ ሳተ።

ስለዚህ በቀጣይ ‹‹ይህችን ጨዋታ ማሸነፍ አለብኝ›› ስትሉ እጃችሁ ወደ ኢ4 ከመሮጡ በፊት አንዴ አስቡት። የሲቪያውን 24ኛ ጨዋታ ሙሉውን በቼዝ መተግበሪያችሁ ላይ ፈልጋችሁ እርምጃ በእርምጃ እዩት፤ በተለይ 10ኛው፣ 14ኛውና 49ኛው ላይ ቆም በሉ።

እናንተስ ማሸነፍ ግዴታ ሲሆንባችሁ በምን ትጀምራላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ቼዝ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት፤ በተለይ በአራት እርምጃ ካላሸነፍኩ ለሚለው።